ያልኩትን በል

የእመት አትጠገብን ሞት የሰማሁት ሐሙሲት ገበያ ላይ አቡጀዲ እየለካሁ ነው። ከደብረ ታቦር የመጣ አንድ ነጋዴ አጠገቤ ቆሞ ከደንበኛው ጋር የአገር ወሬ ያወጋል። ስለ ገብሱ ዋጋ ተናገረ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ ተናገረ፣ ከዚያ «ያቺ ባንዳዋ አስታማሚ ሞተች አሉ» አለና ወዲያው ወደ ገብሱ ተመለሰ። እኔ ጨርቁን በክንዴ እንደ ዘረጋሁ ቀረሁ። ገዢዋ ሴት «ምነው፣ ልኩ ጠፋብህ?» ስትለኝ ቀደድኩና ሰጠኋት። ምን ያህል እንደ ሰጠኋት አላውቅም።

«በምን ሞቱ?» አልኩት ነጋዴውን።

«ሞቱ» ማለቴ ገርሞት ቀና ብሎ አየኝ። «እርጅና ነዋ። ጣራ ገዳም አጠገብ መንኩሳ ነበር አሉ። እዚያው ቀብረዋታል። ታውቃት ኖሯል?»

«አውቃቸዋለሁ» አልኩት።

ባንዳ ሲሏቸው ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ አይደለም። ደብረ ታቦር ላይ ስማቸው ያ ሆኖ ነው የቀረው፤ ዛሬ ልጅ የሆኑት እንኳ ሌላ ስም የነበራቸው አይመስላቸውም። እኔ ግን በዚያ ዘመን ከእሳቸው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ያየሁትን እናገራለሁ፤ ፍርዱን ሰሚው ይፍረድ።

ሐኪም ቤቱን የሠሩት ከጦርነቱ በፊት የመጡ ፈረንጆች ናቸው። እመት አትጠገብን ቁስል ማጠብ፣ በሽተኛ ማንሳትና ማስተኛት፣ መድኃኒት መስጠት ያስተማሯቸው እነሱ ነበሩ። ጣሊያን ሲገባ ፈረንጆቹ ቤቱን፣ አልጋዎቹንና እመት አትጠገብን ትተው ሄዱ። ቤቱን የጣሊያን ጦር ወሰደው፤ አንድ ጣሊያናዊ ሐኪምም መጣ። ዶቶሬ እንለው ነበር። እኔ ከዚያ በፊት አስመራ እየተመላለስኩ ስለነገድኩ ጣሊያንኛ ለቅሜአለሁ። ጦሩ ሲገባ ሱቄ ተቃጥሎ እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ፣ ዶቶሬው አስተርጓሚ ፈልጎ አስጠራኝ። ገባሁ።

እመት አትጠገብ ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ ሴት ናቸው። ፈገግታ አይቀናቸውም ነበር። እጃቸው በፍል ውሃና በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቆ የገበሬ ተረከዝ መስሏል። ወደ በሽተኛ ሲመጡ በእግሩ በኩል ይቆማሉ፤ ሳይነኩት፣ ምንም ሳይጠይቁት ዝም ብለው ያዩታል። ችኩል ነኝና መጀመሪያ መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። «ምን ይጠብቃሉ?» ስላቸው «ዓይን ይቅደም፤ እጅ ይደርሳል» ይሉኛል። ከዚያ የበሽተኛውን እግር ይዳስሳሉ። ግንባርማ እናትም ትዳስሰዋለች፣ ይሉ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ክንዱ የተሰበረ ነጋዴ በሰው ተደግፎ እየጮኸ ገባ። ጩኸቱ ግቢውን ሞላው፤ ሁላችንም ወደ እሱ ሮጥን። እመት አትጠገብ አለፉት። ከበስተኋላው ግድግዳ ተደግፋ የተቀመጠች፣ በጋቢ የተጠቀለለች ሴት ነበረች። ባሏ ወልዳ ደክሟት ነው ብሎ ያመጣት ናት። ደርሰው ጋቢውን ገለጥ ሲያደርጉት ከሥሯ ያለው መሬት ቀይ ሆኗል። «ዶቶሬ!» ብለው ጮኹ፤ ሲጮኹ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዶቶሬው ነጋዴውን ትቶ መጣ፤ ሆዷን ይዘው ሁለቱም ደም በደም ሆኑ፤ ሴትዮዋ ተረፈች። በኋላ እጃቸውን እየታጠቡ «ሰይድ፣ የሚጮኸው ትንፋሽ አለው፤ ዝም ያለውን ሄደህ እይልኝ» አሉኝ።

በመድኃኒት ነገር ደግሞ እንደ እሳቸው ያለ አስቸጋሪ ሰው አይቼ አላውቅም። አማርኛ ያነባሉ፤ በጠርሙሶቹ ላይ ያለው ግን የጣሊያን ጽሕፈት ነው። ስለዚህ አንድ ማንኪያ ከመስጠታቸው በፊት ጠርሙሱን ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ። «አንብብ።» አነባለሁ። «ምን ማለት ነው?» እነግራቸዋለሁ። «አሁን ደግመህ አንብብ፤ እንዳላየኸው ሆነህ።» አንድ ቀን መረረኝና «ትናንት ያነበብኩልዎት ጠርሙስ እኮ ነው!» አልኳቸው። ጠርሙሱን አስቀመጡና ቁጭ አሉ።

«በፈረንጆቹ ጊዜ» አሉ፣ «የጎረቤቴ ልጅ ሳል ያዘው። የሳሉ መድኃኒት የት እንዳለ በልቤ አውቀዋለሁ። ሳላይ አነሳሁ። ለካ ሌላ ሰው ቦታውን ቀይሮታል፤ የቁስል ማጠቢያ ነበር። ልጁ አላደረም። እናቱ ዛሬም መንገድ ላይ ስታገኘኝ ቀድማ ደህና ዋልሽ ትለኛለች። እኔ የማልችለው እሱን ነው።» ከዚያ ተነሡና ጠርሙሱን ሰጡኝ። «አንብብ።»

አነበብኩ። ሁለተኛ አላጉረመረምኩም።

ጊዜው ከፋ። አርበኞች በየተራራው ናቸው፤ ጣሊያን ደግሞ ከፋርጣም ከእብናትም እየለቀመ ሰው ያስራል። እስር ቤቱ ውስጥ ተስቦ ገባ። ዶቶሬው ካፒታኖውን፣ ማለት የጦር ሰፈሩን አለቃ፣ ለምኖ ለምኖ የታመሙ እስረኞች እኛ ዘንድ እንዲተኙ አስፈቀደ። ካፒታኖው ግን በእኔ አፍ ለሁላችንም እንዲህ አለን፤ «አንድ ሰው በውሸት ተኝቶ ባገኝ፣ ሁሉንም ወደ እስር ቤቱ እመልሳለሁ።» ወደዚያ እስር ቤት በትኩሳት የተመለሰ ሰው በእግሩ አይወጣም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ዶቶሬው የጦር ሰፈሩም ሐኪም ስለሆነ ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። ጠዋት መጥቶ «ማን ዳነ? ማን አልዳነም?» ብሎ እመት አትጠገብን ይጠይቃል፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። እሱም ሄዶ ይዳስሳል፤ ቃላቸውን ሐሰት ሆኖ ስላላገኘው እየቆየ መዳሰሱን ተወው። እንዲህ እየሆነ የዚያ ክፍል ሰው ሁሉ በእሳቸው ቃል ላይ ተኛ።

ጥጋቡ የሚባል የፋርጣ ገበሬ የመጣው እግሩን በጥይት ተመትቶ ነው። ቁስሉ ሸትቶ ነበር። እመት አትጠገብ ያጥቡታል፣ ይለውጡለታል፣ ዶቶሬው እግሩን ልቁረጠው ሲል «ትንሽ እንየው» ብለው ለመኑለት፤ እሱም እሺ አለ፤ እግሩ ተረፈ። ቀልደኛ ሰው ነበር። «ዳንኩ ብዬ ብሮጥ ጣሊያን ምን ይለኛል?» እያለ ያስቀን ነበር። የአርበኞች መልእክተኛ ነው ተብሎ እንደተጠረጠረ ግን ሁሉም ያውቃል። ሲድን ካፒታኖው ወደ ጎንደር ሊልከው እንደሚጠብቅም ሁሉም ያውቃል።

ከሐኪም ቤቱ በስተጀርባ ልብስ የምናጥብበት ምንጭ አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ እመት አትጠገብ ፋሻ እያጠቡ፣ እኔም እንጨት እየፈለጥኩ ሳለን የጥጋቡ ሚስት የሺ ሕፃን አዝላ መጣች። ከእግራቸው ላይ ወደቀች።

«እመት፣ በማርያም ይዤዎታለሁ። ገና አልዳነም በሉልኝ። ቅዳሜ ይለፍ ብቻ። ወንድሞቹ እየመጡ ነው። ሌላ አልለምንዎትም፤ አልዳነም በሉልኝ።»

እመት አትጠገብ አነሷት። ሕፃኑን አዩት።

«ልየው» አሉና ወደ ፋሻው ተመለሱ።

በማግሥቱ ጠዋት ጥጋቡን እንደዚያ ሲመረምሩት ያየሁትን አልረሳም። ጆሯቸውን ደረቱ ላይ አድርገው አዳመጡ። ሆዱን ተጫኑ። ምላሱን አዩ፣ የዓይኑን ሽፋን ገልጠው አዩ፣ ጠባሳውን በጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ መግል ፈለጉ። ከብቱ የጠፋበት ሰው ገደል ለገደል እንደሚፈልግ በሽታ ፈለጉበት። «እዚህ ጋ አያምህም?» ይሉታል። «ኧረ ድኛለሁ እመት» ይላቸዋል። እሱ ሚስቱ የለመነችውን አያውቅም።

ያን ቀን ካፒታኖው ራሱ ከዶቶሬው ጋር መጣ። አልጋ ለአልጋ ዞሩ። ጥጋቡ ጋ ሲደርሱ ዶቶሬው «ይኼኛውስ?» አለ። እመት አትጠገብ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ከንፈራቸው ደርቆ ነበር።

«ድኗል» አሉ።

ካፒታኖው አማርኛ አይሰማም፤ ዶቶሬውም ያው ነው። ፊቴን ወደ እሳቸው መለስኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እመት፣ ልለውጠው?» አልኳቸው።

ዓይኖቻቸው በእንባ ሞሉ፤ ድምፃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ያልኩትን በል።»

አልኩ።

ጥጋቡ ሁሉንም ሰምቷል። ሰው አላነሳውም፤ ራሱ ተነሣ። ጋቢውን ለበሰ። አጠገባቸው ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ነካና «እግዜር ይስጥልኝ እመት፣ እግሬን አድነውልኛል» አለ። ሲናገር ያሾፈ እንደሆን ከልቡ እንደሆን እስከ ዛሬ አውጥቼ አውርጄ አልደረስኩበትም። በር ላይ ወደ ቆመው ካሚዮን የሄደው እየረገጠ፣ ሳያነክስ ነው። የሺ ካሚዮኑን ተከትላ ቁልቁለቱን ሮጠች፤ ሕፃኑ ከጀርባዋ እየዘለለ። መኪናው ሲርቃት ቆመች።

እኔ ተቆጣሁ። ምንጩ ጋ ሄጄ «ለምን?» አልኳቸው። «ቅዳሜን ብቻ ነው የለመነችዎት!»

«እዚያ ቤት የተኙትን አየሃቸው?» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ተነሥቶ ውሃ የሚቀዳ አለ? እዚያ ያኖራቸው የኔ ቃል ነው። ሌላ ምን አላቸው? ካፒታኖው ነገ ሌላ ሐኪም አምጥቶ ቢያስዳስሰውና ጤነኛ ቢያገኘው፣ ማን ይተርፋል?»

«እሱስ?»

አንዱን ፋሻ ያሹታል፣ ያሹታል፤ ነጭ ሆኖ ሳለ ያሹታል፤ በመጨረሻ እጃቸው ላይ ተቀደደ።

ጥጋቡን ጎንደር ላይ ሰቀሉት። ወሬው ሲደርስ የደብረ ታቦር ሰው «ድኗል ብላ ያስረከበችው እሷ ናት» አለ። ውሸት አይደለም። ያ ነበር ክፉው ነገር፤ የሚያስተባብሉት ውሸት አልነበረበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ሲወጡ ሴቶች እቃቸውን ሰብስበው ያልፏቸዋል።

ክረምቱ ሳይወጣ አርበኞቹ ወደ ከተማው ቀረቡ። ካፒታኖው ተቻኮለና የታመሙትን እስረኞች ሁሉ በዝናብ ካሚዮን ላይ ጭኖ ወደ ጎንደር ሊወስድ አዘዘ። ዶቶሬው ተቃወመ፤ «መንገድ ላይ ያልቃሉ» አለው። ካፒታኖው «አንተ ሁልጊዜ ታመሙ ነው የምትል» ብሎ ገፋው። ከዚያ ወደ እመት አትጠገብ ዞረና ጠየቃቸው። እሳቸውም በየአልጋው እግር እየቆሙ ተናገሩ። «ይኼ መሄድ ይችላል። ይኼ አይችልም፤ ትኩሳቱ ቢበርድም ልቡ ገና ነው። ይኼ ይችላል። ይኼ ካሚዮኑ ላይ ይሞታል።» መሄድ የሚችሉት ሁለት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ፤ አንዱ ሰደባቸው።

ካፒታኖው ለዶቶሬው «ይቺ ሴት በዚያ እግሩ በቆሰለው ሰውዬ ጊዜ አልዋሸችኝም» አለው። ይህን እንድተረጉም ማንም አላዘዘኝም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም፤ ስለዚህ አልነገርኳቸውም። የደከሙትን ትቶ፣ ሁለቱን ጭኖ ሄደ።

ከቀሩት አንድ የእብናት ሽማግሌ እዚያው አልጋው ላይ ሞቱ። ሌሎቹ ግን ትኩሳቱ ለቀቃቸው፤ ጣሊያን ሲሸሽና ግርግር ሲሆን በእግራቸው ወጥተው ወደየቤታቸው ሄዱ። አንዳቸውም ተመልሶ ገበያ ላይ «እኒህ ሴት አዳኑኝ» ብሎ አልተናገረም። አልፈርድባቸውም። በተስቦ የነደደ ሰው ማን በዙሪያው እንደነበረ አያውቅም፤ በእሱ ላይ ማን ምን ብሎ እንደተናገረማ ከየት ይሰማል?

ነጻነት መጣ፤ ከተማው ጨፈረ። እኔንም ባንዳ ብለውኝ ነበር። ግን ወንድ ነኝ፣ ነጋዴ ነኝ፣ ዘመድ አለኝ፤ ቶሎ ተረሳልኝ። እመት አትጠገብ ባላቸው ቀደም ብሎ የሞተ፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። ሐኪም ቤቱን የተረከቡት ሰዎች «አንቺ እዚህ ሥራ የለሽም» አሏቸው። ቁልፉን አስረክበው ወጡ።

ተስቦው ግን ጣሊያን ሲወጣ አብሮት አልወጣም። አንድ ቀን የጥጋቡ እናት በተስቦ እንደ ወደቁ ሰማን። የሺ ብቻዋን ናት፤ በሽታው ያስፈራልና ጎረቤት ደጃፏን አይረግጥም። እመት አትጠገብ ወደ ቤቴ መጡና «ሰይድ፣ እንጨት አሸክመኝ» አሉኝ። ተሸክሜ ተከተልኳቸው።

የሺ በሩ ላይ ቆመች። «አንቺ ደግሞ ምን ቀረሽ?» አለቻቸው። ልጅቷ፣ ወልደው ቢሆን ኖሮ፣ የልጅ ልጃቸውን ታክላለች፤ አንቺ ስትላቸው የኔ ጆሮ ነደደ። እሳቸው እንዳልሰሙ አለፉት።

«አስገቢኝ አላልኩሽም፤ እዚሁ እቆማለሁ። የተኙበትን ልብስ ሁሉ አውጪና በፈላ ውሃ ቀቅዪው። ጠጉራቸውን ላጪው። በሽታውን የሚያዞረው ቅማሉ ነው፤ አንቺንም ልጅሽንም እንዳይጨርሳችሁ።»

ከውስጥ አሮጊቷ «የማን ድምፅ ነው?» ብለው ተጣሩ። የሺ ደንግጣ «የማንም አይደል፣ ሰይድ ነው፤ እንጨት አምጥቶልን» አለች። ከዚያ በኋላ እመት አትጠገብ ድምፃቸውን አላሰሙም። አጥሩ ጋ ቆመው በጆሮዬ ያንሾካሹኩልኛል፤ እኔ ጮክ ብዬ ለየሺ እነግራለሁ። ውሃውን ጥቂት ጥቂት፣ በየጊዜው። በአንድ ጎን ብዙ አይተኙ፣ ገላብጪያቸው። ምን አሉ? አወቁሽ? እጃቸው ጨርቁን ይለቅማል? እንደገና አስተርጓሚ ሆንኩ፤ ከአማርኛ ወደ አማርኛ። በየቀኑ ሄድን።

አንድ ቀን ስንመለስ ደፈርኩና «እመት፣ ያ ቀን ቢመለስ ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

«እኔማ ሁልጊዜ እመልሰዋለሁ» አሉኝ። «አንዳንዴ አልዳነም እላለሁ፤ ያ ቤት ሙሉ ሰው ያልቃል። አንዳንዴ ድኗል እላለሁ፤ እሱ ይሄዳል። ሰው የማይሞትበትን መልስ እስካሁን አላገኘሁትም።»

የአሮጊቷ ነገር እየከፋ ሄደ። አንድ ጠዋት የሺ ወጣችና እኔን አልፋ በቀጥታ ወደ እሳቸው ሄደች። «ይድናሉ?» አለቻቸው።

እመት አትጠገብ ስለ ትንፋሻቸው ጠየቁ፣ ስለ ሽንታቸው ጠየቁ፣ ሲጠሯቸው ዓይናቸውን ይገልጡ እንደሆነ ጠየቁ። የሺ አንድ በአንድ መለሰች። እኔ በልቤ፣ አሁንስ ይዋሿት፣ ምን አለበት፣ እል ነበር።

«አይድኑም የኔ ልጅ» አሏት። «ውሃ ግን አታቋርጪባቸው። አፋቸውን በእርጥብ ጨርቅ አርሺላቸው። ንስሐ አባታቸውን ዛሬውኑ አስጠሪ፤ ነገ አትበዪ።»

የሺ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቀና ስትል «እሺ እመት» አለች። ደግሞም «አንቱም ይቀመጡ እንጂ፤ ቆመው ነው እኮ የሚውሉት» ብላ አጥሩ ሥር ያለውን ድንጋይ በእጇ ጠርጋ ሰጠቻቸው።

አሮጊቷ ንስሐ አባታቸው ከመጡ በኋላ ሞቱ። ቀብሩ ላይ ከፍርሃቱ ጋርም ቢሆን ሰው ወጣ፤ የተሰቀለ ሰው እናት ናቸውና። እኔ እስላም ስለሆንኩ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሆኜ በበሩ በኩል አያለሁ። እመት አትጠገብ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሴቶቹ ጫፍ ቆሙ። በአጠገባቸው የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ ፈቀቅ አሉ። ዙሪያቸው ባዶ መሬት ሆነና እሳቸው መሃሉ ላይ ቀሩ። አልሄዱም። ወደ ጉድጓዱ ያያሉ።

የሺ ከፊት፣ ከሬሳው አጠገብ ነበረች። ዞር ስትል ያንን ባዶ ቦታ አየች። ልጇን አቅፋ፣ በሴቶቹ መሃል እየሰነጠቀች ወደ ኋላ መጣችና ከእመት አትጠገብ ጎን ቆመች። አላየቻቸውም፣ አላነጋገረቻቸውም። ልጁ ሲከብዳት ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረችው፣ እዚያው ቆማ። አፈሩ እስኪመለስ ድረስ ከዚያች ቦታ አልተነቃነቀችም።